እማዬ የያዘችው በር

ድሮ ሰው "የሞተ ሰው ነካኝ" ሲለኝ ፊቴን አዙሬ እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም። ለምን እንደማልስቅ ለማስረዳት ስለ እናቴና በግቢያችን ጀርባ ስላለው አንድ የብረት በር ማውራት አለብኝ። ታገሱኝና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያኔ ዊንጌት አካባቢ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ነበር የምሠራው። አላገባሁም። ከእማዬና ከታናሽ ወንድሜ ከናሆም ጋር፣ ከሽሮ ሜዳ ገበያ ከፍ ብሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ሰፈር፣ አባዬ ትቶልን በሄደው ግቢ ውስጥ እንኖር ነበር። አባዬ ሸማኔ ነበር። ከጋሞ በልጅነቱ መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አንጠልጥሎ ሲሸምን ኖረ። እኛ ልጆቹ የሽመና ዕቃው ሲመታ እየሰማን ነው ያደግነው። እሱ ከሞተ በኋላ ክፍሏ ተቆለፈች። እማዬ አልፎ አልፎ ገብታ ትጠርግና ትወጣለች እንጂ ማንም አይገባባትም ነበር።

ናሆም ኮምፒውተር ተምሮ ተመርቆ ሥራ ያጣ ልጅ ነው። አንድ ቀን በፒክአፕ መኪና የጫማ ካርቶን የሚያክሉ የብረት ሣጥኖች ይዞ መጣ። ፊትና ኋላቸው ላይ ትልልቅ ማራገቢያ አላቸው። ጓደኛው ሥራውን ሲያቆም በቅናሽ የለቀቀለት ያገለገሉ ማሽኖች ናቸው።

"ምንድን ናቸው?" አለችው እማዬ።

"ኮምፒውተሮች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ይሠራሉ። በሠሩት ልክ ቢትኮይን የሚባል የኢንተርኔት ገንዘብ ይገኛል።"

"የማንን ሒሳብ ነው የሚሠሩት?"

ናሆም ሳቀ። "የማንንም አይደለም እማዬ። በቃ ሒሳብ ነው።"

እማዬ አልሳቀችም። ማሽኖቹ የሚገቡት አባዬ ክፍል እንደሆነ ሲነግራትም የክፍሏን ቁልፍ አውጥታ ሰጠችውና "እሺ" አለች። ልጇ ሥራ እንዲያገኝ ከማንም በላይ የምትጸልየው እሷ ነበረች።

ናሆም ወለሉን ለማስተካከል የሽመናውን ጉድጓድ በግንብ ፍርስራሽና በአሸዋ ሞላው። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ "ቀስ በል" አለችው። ያንን ቃል ያለችበት ድምፅ አባዬ የተቀበረ ቀን ከሰማሁት ጋር አንድ ሆነብኝና ወደ ቤት ገባሁ።

ስለ ሽቦው እዚህ ላይ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው። ቆጣሪያችን ያለው መንገድ ዳር፣ ከግቢያችን የፊቱን ክፍል ተከራይቶ ጋቢና ነጠላ በሚሸጠው በሰዒድ ሱቅ ግድግዳ ላይ ነው። ናሆም ከዚያ ወፍራም ገመድ ስቦ በአጥሩ አሳልፎ፣ በክፍሏ መስኮት የብረት ጠርዝ በኩል አስገባው። ማሽኖቹን በብረት ሼልፍ ላይ ደረደረ፤ ሼልፉን ከቆርቆሮው ግድግዳ ጋር በቦሎን አሠረው። ኮረንቲ ካመለጠ ወደ መሬት የሚወስድ፣ ግራውንድ የሚሉት ሽቦ አለ። እሱን ከፌሮ ብረት ጋር አሠረና ፌሮውን እዚያው በሞላው ጉድጓድ ውስጥ ተከለው። ልቅ አሸዋ ስለሆነ በቀላሉ ገባለት። ደስ አለው።

"ባለሙያ አይየውም?" አልኩት።

"ሊዲያ ደግሞ! እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ?"

ሰው በስህተት እንዳያጠፋበት የቆጣሪውን ሣጥን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተና አበራው።

ክፍሏ መጮኽ ጀመረች። አንዷ ማሽን የምትበላው ኮረንቲ ቀንም ሌሊትም ከማይጠፋ የኤሌክትሪክ ምድጃ እኩል ነው። ሁሉም አንድ ላይ ሲነሱ ጩኸቱ ጆሮ ብቻ ሳይሆን ጥርስ ውስጥ ይገባል። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ከእንጦጦ ጉም ሲወርድ ግቢው በሙሉ ይበርዳል፤ የዚያች ክፍል ጣሪያ ግን ዝናቡ ሲነካው ይተናል። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ዞር ብዬ ሳያት፣ ሽበት በመሰለ እንፋሎት ተሸፍና የምትተነፍስ ትመስለኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ የሰፈር ድመቶች ሙቀቱን ወደው ግድግዳዋ ሥር ይተኙ ነበር። በኋላ መምጣት አቆሙ።

ከጩኸቱ ሥር ሌላ ድምፅም ነበር። ጧ... ጧ... ጧ... ጆሮዬን ስሰጠው ይጠፋል፤ ስረሳው ይመለሳል። ለናሆም ነገርኩት።

"ማሽኖቹ ሲንቀጠቀጡ ሼልፉ ቆርቆሮውን እየመታ ነው" አለኝ።

እውነቱን ነው። ግን አመታቱን አውቀዋለሁ። ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት። አባዬ ክር ሲያጠብቅ እንዲህ ነበር የሚመታው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ሳጥብ እማዬ ከጓሮ መጣች። ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋዋለች። ፊቷ ላይ አይቼው የማላውቀው ነገር ነበር፤ ልትስቅ ነው ልታለቅስ አይታወቅም።

"ሊዲያ፣ አባትሽ እጄን ያዘኝ።"

"ምን?"

"በሩን ስነካ። ቀስ ብሎ። እንደዚህ..." ብላ እጄን ወስዳ መዳፌን በጣቶቿ ጫፍ ደባበሰችው።

እርጥብ እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ሄድኩና በሩን ነካሁት። ምንም የለም። በእጄ ጀርባ ስሞክረው ግን የሆነ ፀጉር የመሰለ ነገር ቆዳዬ ላይ አለፈ። ወዲያው ገባኝና ናሆምን ጠራሁት። ቴስተር ይዞ መጣና ሲነካው ውስጡ ያለችው መብራት ደብዘዝ ብላ በራች።

"ትንሽ ነው። የነዚህ ማሽኖች ጠባይ ነው፤ ሁሉም ሰው ቤት ይነዝራሉ" አለ። "እማዬ፣ ኮረንቲ ነው እሺ? ጫማ ሳታደርጊ እንዳትነኪው።"

"እሺ ልጄ" አለችው። ዓይኗ ግን በሩ ላይ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ ፕላስቲክ ጫማዋን አድርጋ ትሄድና በሩን ነክታ ትመለስ ነበር። እኛም ትንሽ ነው ስለተባለ ተውናት።

የሚቀጥለው ሳምንት ዝናቡ ሳያባራ ዘነበ። አንድ ጠዋት ሰዒድ ዶሮውን በእግሯ አንጠልጥሎ አሳየኝ። አብረን ያደግን ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹ ከወሎ ናቸው። "ግድግዳው ሥር ነው ያገኘኋት" አለኝ። "ቁስል የላት፣ ደም የላት። አይኗ ፍጥጥ ብሏል።" ቢስሚላህ ብሎ ወደ ጓሯችን አየ። "ሊዲያ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ያለው ነገር ደስ አይለኝም።"

እማዬ በዚያው ሰሞን ባሏ እንደሚጎበኛት ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ነግራ ኖሯል። እኛ ጴንጤዎች ዘንድ የሞተ ሰው አይመለስም። ተመለሰ የሚል ሰው ካለ የሚመጣው ሌላ መንፈስ ነው፤ የሚደረገውም ይታወቃል። እሑድ ከአምልኮ በኋላ የጸሎት ቡድኑ ቤታችን መጣ። የሚመሩት ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ አባዬን በደንብ የሚያውቁ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ። ናሆም የተበላሸ ማራገቢያ ሊቀይር መርካቶ ስለሄደ ቤት አልነበረም።

ዝናቡ እያካፋ ነበር። ሁላችንም ጓሮ ጭቃው ላይ በሩን ከበን ቆምን። ማሽኖቹ ይጮኻሉ፤ ጣሪያው ይተናል። ጋሽ ታደሰ ድምፃቸውን ከጩኸቱ በላይ ከፍ አድርገው "በኢየሱስ ስም!" አሉና መዳፋቸውን በሩ ላይ አሳረፉ።

ወደ ኋላ ተወረወሩ። ሁለት ወንዶች ባይደግፏቸው በጀርባቸው ይወድቁ ነበር። ሴቶቹ ጮኹ። አንዷ "ተቃወመ! ተቃወመ!" እያለች በልሳን መጸለይ ጀመረች። ሌሎቹም እጃቸውን ወደ በሩ ዘርግተው በአንድ ድምፅ "ውጣ! ልቀቅ!" ማለት ጀመሩ። ዕድሜዬን ሙሉ ጸሎት ውስጥ ነው ያደግኩት፤ ያን ቀን ግን ወደ ኋላ ፈቀቅ አልኩ። እማዬ በሰዉ መሃል ጥሳ ገባችና ጀርባዋን ወደ በሩ ሰጥታ እጆቿን ዘረጋች።

"አትገሥጹት!" አለች። "ባሌ ነው! ምን አደረጋችሁ?"

በዚያች ሰዓት መብራት ጠፋ።

ማሽኖቹ እያቃሰቱ ቀስ በቀስ ቆሙ። ከስንት ሳምንት በኋላ ግቢያችን ዝም አለ። የዝናቡ ጠብታ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይሰማል። እማዬ ዞር ብላ መዳፏን በሩ ላይ አደረገች። ትንሽ ቆየችና "ሄደ" አለች። ትከሻዋ ወረደ።

አንዳንዶቹ እልል አሉ። ጸሎቱ ተሰማ ማለት ነው። ጋሽ ታደሰ ግን የዋናው ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን እያሹ ነበር። ጠጋ ስላቸው ዝቅ ባለ ድምፅ "ልጄ፣ እንደምገምተው ይሄ የጸሎት ጉዳይ አይደለም። ወንድምሽ መብራቱን ከሥሩ ይቁረጠው። ዛሬውኑ" አሉኝ።

"እሺ ጋሼ፣ አሁን እደውልለታለሁ። እርስዎ ደህና ነዎት?"

"ደህና ነኝ። እናትሽን ጠብቂ።"

ሰዉ ከሄደ በኋላ እማዬን አልጋዋ ላይ አስተኛኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የተኛች ሲመስለኝ ጃንጥላ ይዤ ወደ ሰዒድ ሱቅ ወጣሁና ለናሆም ደወልኩ።

"ሣጥኑን መክፈት አለብኝ። ቁልፉ የት ነው?"

"እኔ ጋ ነው። ምን ሆናችሁ?"

የሆነውን ነገርኩት። ስለ ጋሽ ታደሰ ስነግረው አቋረጠኝ። ከዚያ የተናገረበት ድምፅ የወንድሜ አይመስልም ነበር። "ወረወራቸው? መንዘር ብቻ አይደለም? ሊዲያ፣ ይሄ በፊት ያየሁት አይደለም። የሆነ ቦታ ዋናው ገመድ ብረቱን ነክቷል ማለት ነው። ስድስት ኪሎ ደርሻለሁ፣ መጣሁ። አሁን መብራት የለም አይደል?"

"የለም።"

"እንግዲያው ችግር የለም። እስክመጣ ማንም እንዳይነካው።"

ስልኩን ዘጋሁ። ሰዒድ የሚቀመጥበትን በርጩማ ሰጠኝ። ሱቁ ወደ ግቢያችን የሚያስወጣ የጓሮ በር አለው፤ ተከፍቶ ነበር። በዚያ በኩል ከዋናው ቤት ወደ ጓሮ የሚወስደው መንገድ ይታያል። ዓይኔን ጣል ሳደርግ መንገዱ ላይ የእማዬን ፕላስቲክ ጫማዎች አየሁ። ጎን ለጎን፣ ተስተካክለው ተቀምጠዋል።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ አባዬ ትዝ አለኝ። ጭቃ ክሩን እንዳያበላሽበት ማንም ሰው እሱ ክፍል የሚገባው ጫማውን አውልቆ ነበር።

"ሰዒድ..." ስል የሱቁ አምፖል በራ። ሬዲዮው ካቆመበት ዘፈኑን ቀጠለ። ከጓሮ ደግሞ ማሽኖቹ አንድ በአንድ መነሳት ጀመሩ።

"ሣጥኑን ስበረው!" ብዬ ጮኽኩ። ስሮጥ እጄ በላስቲክ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ጋቢ ከመደርደሪያው ላይ አንስቷል። አስቤ አይደለም። ፋርማሲ ውስጥ ከሰማኋቸው ነገሮች መካከል አንዱ፣ ኮረንቲ የያዘውን ሰው በባዶ እጅ አትንካ የሚለው፣ ከእኔ ቀድሞ እጄ ውስጥ ገብቶ ነበር።

እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። በባዶ እግሯ ጭቃው ውስጥ፣ ቀኝ እጇ የበሩን እጀታ ጨብጧል። ይወድቃል ብዬ የጠበቅኩት ሰውነቷ ቀጥ ብሎ ነበር። ነጠላዋ ከራሷ ወርዷል፤ ሽበቷ በስሱ ይንቀጠቀጣል። ዓይኖቿ ተከፍተዋል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ አይሰማም እንጂ ከአንድ ሰው ጋር የምታወራ ትመስል ነበር።

እናታችሁ እንደዚያ ቆማ ብታዩ የምታደርጉት አንድ ነገር ነው፤ ትይዟታላችሁ። እኔም እጄን ዘርግቼ ነበር። እንዴት እንደመለስኩት አላውቅም። ላስቲኩን በጥርሴ ቀደድኩና ጋቢውን አወጣሁ፤ ደረቅ ነበር። በወገቧ ዙሪያ አሳለፍኩት፣ ሁለቱን ጫፍ ያዝኩና ወደ ኋላ ተንጋለልኩ። አልተነቃነቀችም። በሩ ሳይሆን ሰው የያዛት ነበር የሚመስለው። "እማዬ ልቀቂ! እማዬ!" እያልኩ እንደገና ሳብኩ። ከመንገድ በኩል ብረት ሲመታ ይሰማኛል።

ድንገት ሁለታችንም ጭቃው ላይ ወደቅን። እኔ አስለቅቄያት ይሁን ሰዒድ ሣጥኑን ሰብሮ አጥፍቶት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጩኸቱ እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ ጠፋ።

አትተነፍስም ነበር። ደረቷን መጫን ጀመርኩ። ሰዒድ ደርሶ እየጸለየ ይሁን እየጮኸ ባልገባኝ ቋንቋ ሲናገር ይሰማኛል። ናሆም በግቢው በር ሲገባ እማዬን ሳል ያዛት። ከዚያ አንዴ ረጅም ትንፋሽ ሳበች። ናሆም ካለበት አልተነቃነቀም፤ የያዘው ማራገቢያ ከእጁ ወድቆ ጭቃው ላይ ተንከባለለ።

ሆስፒታል ውስጥ ልቧን ለቀናት ሲከታተሉት ቆዩ። መዳፏ ተቃጥሏል። ሐኪሙ ስለ ዕድሜዋና ስለ እርጥብ መሬቱ ሲሰማ "ዕድለኛ ናት" አለን።

ናሆም ነገሩን በማግስቱ በቀን ብርሃን አገኘው። ማሽኖቹ ሲንቀጠቀጡ ገመዱ በመስኮቱ የብረት ጠርዝ ላይ እየተፋተገ፣ እየተፋተገ ልባሱ አልቆ መዳቡ ወጥቷል። መስኮቱ ከቆርቆሮው፣ ቆርቆሮው ከበሩ የተያያዘ ነው። ኮረንቲውን ወደ መሬት ማውረድ የነበረበት ፌሮ ደግሞ የቆመው ፍርስራሽ ውስጥ ነው፤ ከሥሩ ያለውን እውነተኛ መሬት በቅጡ አልነካውም። ስለዚህ ኮረንቲው መውጫ አጥቶ ብረቱ ላይ ሰው እስኪነካው ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር።

ማሽኖቹን ነቃቅሎ ካርቶን ውስጥ ከተታቸው። ያዘዘው ሰው ሳይኖር አካፋ አንስቶ ጉድጓዱን መቆፈር ጀመረ። ፍርስራሹን በባልዲ እያወጣ ሲያለቅስ በመስኮት አየሁት፤ አላስቆምኩትም።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ቤታችሁ ውስጥ ብረት ከነዘራችሁ፣ ትንሽ ነው የሚላችሁን ሰው አትስሙ። መጀመሪያ አጥፉ፤ የቀረውን በኋላ ተነጋገሩ። ይህንን ለማለት ብቻ ግን አልጻፍኩም። ከሁሉም በላይ የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። እማዬ ባሏን ካጣች በኋላ እኛ ልጆቿ አበላናት፣ አለበስናት፣ ሐኪም ቤት ወሰድናት። እጇን ይዞ የተቀመጠ ግን አልነበረም። ያ ብረት ሲይዛት ማን መሰላት ብዬ መጠየቅ አያስፈልገኝም። አሁን ማታ ማታ ከሥራ ስገባ አጠገቧ እቀመጥና እጇን እይዛለሁ። መጀመሪያ ግራ ገብቷት ነበር፤ ለምዳዋለች።

ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሲሆን አንድ ቀን እንደዚያው ተቀምጠን የቁስሏን ጠባሳ እያየሁ አስረዳኋት። ኮረንቲ ጡንቻ ያኮማትራል፤ እጅ ይጨብጣል እንጂ መልቀቅ አይችልም፤ ሰውየው ቢፈልግም አይችልም አልኳት።

"አውቃለሁ" አለችኝ። "ናሆምም ነግሮኛል።"

"ታዲያ ያኔ ከማን ጋር ነበር የምታወሪው? ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።"

ወደ ጓሮው አየች። 

"እሱ እኮ ልቀቂ እያለኝ ነበር" አለች። "ሊዲያ መጣችልሽ፣ ልቀቂ፣ እያለ ይለምነኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።"